ከሄደሮቹ በፊት የሚጻፈው መስመር

ዝናቡ ባይመጣ ኖሮ እኔና ልጄ ሰልዋ በመምህር ይልቃል ሱቅ በር ላይ አልፈን እንሄድ ነበር። ከገበያ ስንመለስ ድንገት ወረደብንና ሮጠን በረንዳቸው ሥር ተጠለልን። እሳቸውም ድምፃችንን ሰምተው በሩን ከፈቱና፣ «ኧረ ግቡ፣ ግቡ! ሰው ቤት እያለ ውጭ ምን ያቆማችኋል?» አሉን።

መምህር ይልቃል ከጎጃም ተመድበው ጭሮ የመጡት በወጣትነታቸው ነው። ዛሬ ጡረታ ወጥተው የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ከፍተዋል፤ ኦሮምኛውንም ከእኛ እኩል ይናገራሉ። በከተማችን ኮምፒውተር የሚነካ ወጣት ሁሉ በእጃቸው ያለፈ ነው። ሰልዋንም ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መጀመሪያ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ስትመለስ በጤና መሥሪያ ቤት እንድትቀጠር የመሰከሩላትም እሳቸው ናቸው። ልጄ ገና የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም። እኔ ደግሞ ልጄ ሥራዋን ታጣ ይሆን እያልኩ በየቀኑ የምጨነቅ እናት ነኝ። ስለዚህ በእኚህ ሰው ፊት የማይሆን ቃል ከአፏ እንዳይወጣ እፈራ ነበር።

ጠረጴዛቸው ላይ ከሁለት ሳሙና የማትበልጥ ጥቁር ሳጥን ተቀምጣለች። ከጎኗ ቀጭን ሽቦ ወጥቶ ጫፉ ላይ እንደ ጥፍር ያለ ብረት አለው። አረንጓዴ መብራቷ ይበራል።

«ይህቺውልሽ የቦርደዴዋ» አሉ መምህር፣ ሳጥኗን መታ መታ እያደረጉ። «ፕሮግራሙን ከአሮጌው ኮምፒውተር ወደዚህች አዲስ አዛውሬዋለሁ። ነገ ጠዋት ከሾፌሩ ከበክሪ ጋር ይዘሻት ትሄጃለሽ።»

ነገሩን ለማያውቅ ልንገር። ቦርደዴ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ይከብዳል። በጤና ጣቢያው የሕፃናት ክትባት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ አለ። ያ ብረት ማቀዝቀዣው ውስጥ ይገባል፤ ሙቀቱ ካለፈ ሳጥኗ ትጮሃለች፤ ነርሷም መጥታ ክትባቱን ወደ በረዶ ሳጥን ታዛውራለች። ሳጥኗ ዝም ካለች ግን ሁሉም ደህና ነው ብለው ያምናሉ። ሳጥኗን ተረክባ የምትተክለው ሰልዋ ናት፤ አንድ ነገር ቢበላሽ የምትጠየቀውም እሷው ናት።

ሰልዋ ሳጥኗን አየት አደረገችና፣ «መምህር፣ እጅዎ ይባረክ» አለች። «ኮምፓይል ሲያደርጉት ማስጠንቀቂያ አላወጣም?»

ኮምፓይል ማድረግ ማለት ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ መመለስ ነው። ያንን የሚሠራው ኮምፓይለር ደስ ያላለው ነገር ሲያገኝ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል።

«ማስጠንቀቂያ?» መምህር ሳቁ። «እኔ መቼ አስወራዋለሁ! ዝም የሚያሰኘውን ትእዛዝ ጨምሬ ነዋ። ለናንተስ እንደዚያ አይደል ያስተማርኳችሁ?»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው ያስተማሩን» አለችና ዝም አለች።

ዝምታዋን አውቀዋለሁ። ልትናገር ስትል ነው እንደዚያ የምትሆነው። በጫማዬ እግሯን ነካ አደረግኋት። አልሰማችም፤ ወይም ሰምታ ተወችኝ።

«መምህር፣ ባይቆጡኝ አንዴ እናናግረው?»

«ማንን?»

«ኮምፓይለሩን። ዝም በል የሚለውን ትእዛዝ አንስተን የሚለውን እንስማ።»

መምህር መነጽራቸውን አወለቁ። «ስሚ ልጄ። ይህ ፕሮግራም ቦርደዴ ስንት ዓመት ሠራ? አንድ ቀን ተበላሽቷል? የተበላሸው ኮምፒውተሩ ነው እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም። ማስጠንቀቂያ ማለት ነዝናዛ ጎረቤት ነው። ደህና አደራችሁ ስትዪው ለምን ጮክ አልሽ ይልሻል። ተማሪዎቼ እሱን እያዩ ሲደነግጡ፣ ግማሹ ትምህርቱን ጥሎ ሊሄድ ሲል ነው ዝም ማሰኘት የጀመርኩት።»

«ለጀማሪ አዝነው እንዳደረጉት ገብቶኛል» አለች ሰልዋ። «ግን መምህር፣ ነዝናዛም ጎረቤት አንዳንድ ቀን ቤታችሁ እሳት ተነሣ ይላል።»

«አንቺ ልጅ!» አልኩ እኔ። «መምህርሽን ነው እንዴ የምትከራከሪው? ይቅር ይበሉን መምህር፣ ዩኒቨርሲቲው ነው ያበላሻት።»

«ይተዉዋት ወይዘሮ መይሙና» አሉ፣ ግን ፊታቸው ቀላ ብሏል። «ትከራከር። ዝናቡም እንደሆነ አላባራም። በይ ነይ፣ ያውራ!»

ሰልዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አንድ ትእዛዝ ጻፈች፤ ስክሪኑ ላይ ጥቂት መስመሮች ወጡ። እኔ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ የተጻፈ ነገር ሳይ ዓይኔ አያልፍም፤ የእንግሊዝኛውን ባላውቅም የመስመሩን ቁጥር አነበብኩ። ሰልዋ ትርጉሙን ነገረችን፦ «ስትርፒታይም የሚባል ሥራ ጠርታችኋል፤ እኔ ግን አላውቀውም፤ መልሱ ተራ ቁጥር ነው ብዬ ገምቻለሁ» ይላል።

«ይዋሻል!» መምህር ተነሥተው ቆሙ። «እንዴት አላውቀውም ይላል? ስትርፒታይም እኮ ብረቱ ከሚልከው መስመር ውስጥ ቀንና ሰዓትን የሚያነብልኝ ነው። ዝም ብሎ እንደማይመጣም አውቃለሁ። ጠይቄዋለሁ! ይኸው!» ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። «ኤክስ ኦፕን ሶርስ ብዬ ጽፌያለሁ። አየሽ? መጠየቂያው ማክሮ አለ!»

«አለ መምህር። ግን የት ነው ያለው?»

«የትስ ቢሆን? ከሄደሮቹ በታች ነው። መጀመሪያ ሄደሮቹን ጠራሁ፣ ቀጥሎ የራሴን ጻፍኩ። ሥርዓቱ እሱ ነው፤ ሰው ቤት ገብተሽ ሰላም ሳትዪ ጉዳይሽን አትጀምሪም።»

ለካስ ስሕተቱ ከመልካም ጠባይ የመጣ ኖሯል! እንግዳ ተቀባዩ ሰው ፕሮግራሙንም እንደ እንግድነት አድርገው ጽፈውት፣ ሰላምታው ይቅደም ብለው የሚፈልጉትን ነገር ከታች አስቀርተውታል።

«መምህር» አለች ሰልዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሄደር ማለት ማሽኑ የሚያውቃቸው ሥራዎች ስም የተጻፈበት ነው። ግን ሁሉንም ስም ለሁሉም ሰው አያሳይም። የመጀመሪያው ሄደር ሲከፈት፣ ይህ ሰው ምን ጠይቋል ብሎ ወደ ላይ ያያል። ያየውን ይዞ የትኞቹን ስሞች እንደሚያሳይ፣ የትኞቹን እንደሚሸፍን ያን ጊዜውኑ ይወስናል። ከዚያ በኋላ የመጣ ጥያቄ አይሰማም። ስሕተት ነውም አይልም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። እነዚህን ቃላት ፊቸር ቴስት ማክሮ የሚሏቸው ለዚህ ነው፤ ሄደሩ እነሱን አይቶ ነው የሚከፍተውና የሚዘጋው።»

ይህ ነገር ለእኔ ገባኝ። አንብብ ሲሉኝ እኔም ጣቴን ይዤ ከላይ ወደ ታች ነው የምወርደው፤ ወደ ኋላ መመለስ አልችልም። ኮምፓይለሩም እንደ እኔ ጀማሪ አንባቢ ነው ማለት ነው። መናገር አልነበረብኝም፤ ግን አመለጠኝ።

«እንደ ንያ ነው በይኛ» አልኩ። «የረመዳን ጾም ንያው፣ እጾማለሁ ብሎ በልብ መወሰኑ፣ ከንጋት በፊት ነው። ረፋዱ ላይ ትዝ ብሎህ ብትነይት አለፈህ።»

መምህር ወደ እኔ ዞሩ። «ወይዘሮ መይሙና፣ ኮምፒውተሬን ሊያሰልሙብኝ ነው?»

«ምን አለበት መምህር! ቢሰልም እንኳ ሰዓቱን ያከብራል።»

ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ንግግሩ ላላ። መምህር ግን ገና አልተረቱም፤ ሰው ስለሳቀ ተረታ ማለት አይደለም።

«እሺ፣ ሄደሩ ይሸፍን» አሉ። «ለመሆኑ ለምን ይሸፍናል? አንዴ ሁሉን ቢያሳየኝ ምን ይጎዳል? ይህ የቢሮ ሰው ጠባይ ነው፤ ነገ ተመለሱ!»

«የቢሮ ጠባይ አይደለም። እማ፣ እናንተ ክፍል ስንት ሀምዲያ አለ?»

«ሁለት» አልኩ። «መምህሯ ሀምዲያ ስትል ሁለቱም ይነሣሉ።»

«ይኸው ነው። ሲ በየአገሩ፣ በየዓይነቱ ማሽን ላይ ይጻፋል። ጥቂት ስሞች የቋንቋው የራሱ ናቸው፤ የትም ይገኛሉ። ሌሎቹን በኋላ የመጡ ደንቦች ናቸው የጨመሯቸው። ሁሉም በአንድ ላይ ቢከፈት እርስዎ ለራስዎ ሥራ ያወጡት ስም ከአንዱ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ፣ እኔ የምጽፈው በዚህ ደንብ ነው ብለው አስቀድመው እንዲናገሩ ነው የተፈለገው።»

መምህር ጥቂት አሰቡ። «ደህና ነው። ግን ዋናውን አልመለስሽልኝም። ስሙን አላየውም እንበል። ታዲያ ስንት ዓመት እንዴት ሠራ?»

እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ይህንኑ እጠይቅ ነበር። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትናንት የሠራ ነገር ሁሉ ትክክል ይመስለናል።

«ስትርፒታይም ቀኑንና ሰዓቱን አንብቦ ሲጨርስ ያቆመበትን ቦታ አድራሻ ይሰጥዎታል» አለች ሰልዋ። «እርስዎ ከዚያ አድራሻ ተነሥተው በዚያው መስመር ቀጥሎ የተጻፈውን ሙቀት ያነባሉ። ሄደሩ ስሙን ሸፈነ እንጂ ሥራው ራሱ ማሽኑ ውስጥ አለ፤ ኮምፓይለሩ ግን ስላላወቀው፣ መልሱ ተራ ቁጥር ነው ብሎ ገመተ። በአሮጌው ኮምፒውተር አድራሻና ተራ ቁጥር እኩል ርዝመት ስለነበራቸው ግምቱ አልጎዳም። በዚህች ሳጥን ግን አድራሻው በእጥፍ ይረዝማል። ኮምፓይለሩ ግማሹን ቆርጦ ይጥለዋል። መምህር፣ የስልክ ቁጥሬን ግማሹን ብሰጥዎ ይደውሉልኛል?»

«እደውላለሁ፤ ሌላ ሰው ያነሣዋል» አሉ መምህር። ከዚያም በእልህ፣ «አሁን በወሬ አንፈታውም። ሳጥኗ ይኸው፣ መብራቷም በርቷል። እንሞክራት!» አሉና ጎናቸው ያለውን ትኩስ ሻይ አነሡ። ብረቱን ብርጭቆው ውስጥ ጨመሩት።

ጠበቅን።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ሳጥኗ ዝም አለች። መምህር ብረቱን አወጡና መልሰው ነከሩት። ዝም። አረንጓዴው መብራት እንደበራ ነው። ሰልዋ ስክሪኑ ላይ አየችና፣ «ፕሮግራሙ ሞቷል፤ የመጀመሪያዋን መስመር ሲያነብ ነው የሞተው» አለች። «መብራቱ የሚለው ኤሌክትሪክ አለ ብቻ ነው።»

መምህር ተቀመጡ። ሳጥኗን አንሥተው አገላበጧት። እኔም ዓይኔን ወደ መሬት አደረግኩ፤ የተከበረን ሰው እንዲህ ሆኖ ማየት ደስ አይልም።

«ትናንት እኮ ሞክሬዋለሁ» አሉ በቀስታ። «ግን በራሴ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። እዚህ ላይ መብራቱን አይቼ አመንኩ። ነገ ብትወስጃት ኖሮ...»

«አልወሰድኳትም መምህር» አለች ሰልዋ ቶሎ ብላ። «ዝናብ ጣለና ገባን።»

«በይ አስተካክዪው።»

ሰልዋ መስመሩን ከታች ቆርጣ ከሄደሮቹ ሁሉ በላይ አወጣችው፤ መጨረሻው ላይም 700 የሚል ቁጥር ጨመረች። ቁጥሩ የትኛውን የደንብ እትም እንደሚፈልጉ የሚናገር ነው። እንደገና ኮምፓይል አደረገች። ስለ ስትርፒታይም የተባለው ማስጠንቀቂያ ጠፋ፤ በምትኩ ሌላ ብቅ አለ። አሁን ደግሞ «ዩስሊፕን አላውቀውም» ይላል።

«አየሽ!» መምህር ከወንበራቸው ዘለሉ፤ በአሥር ዓመት ያነሱ መሰሉኝ። «አየሽ! አንዱን ስትደፍኚ አንዱ ይፈነዳል! ዩስሊፕ እስከ አሁን ደህና ነበር። ከብረቱ መልስ እስኪመጣ ጥቂት የሚያሳርፈኝ እሱ ነው። አሁን አንቺ ነካካሽው ጠፋ። ይኸው ነው እኮ እኔ ዝም የማሰኘው!»

እኔ ደነገጥኩ። «ሰልዋ፣ ወላሂ ተይው! እንደነበረ መልሺለት!» አልኳት።

ልጄ ግን ፈገግ አለች። «እማ፣ አትደንግጪ። መምህር፣ ምንም ሳይጠይቁ ሲቀሩ ሄደሩ ይህ ሰው አልተናገረም ብሎ በልማድ የሚከፍታቸው አሉ፤ ዩስሊፕ ከእነሱ አንዱ ነው። አንዱን ደንብ በስም ጠርተው ሲጠይቁ ግን፣ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል ማለት ነው ብሎ የልማዱን ይሸፍነዋል። ምግብ ቤት ገብተው ዝም ካሉ ያለውን ያመጡልዎታል፤ ሽሮ ብለው ካዘዙ ግን ሽሮ ብቻ ይመጣል። የልማዱንም ከፈለጉ እሱንም ዲፎልት ሶርስ ብለው ይጥሩት።»

«እንግዲያው አጭሩ መንገድ አለኝ» አሉ መምህር። «ጂኤንዩ ሶርስ የሚባለውን እጽፋለሁ። እሱ ሁሉንም ይከፍታል። አበቃ!»

«ይከፍታል። አንዳንዴም ከእሱ በቀር የማይገኝ ሥራ ሲያስፈልግ ትክክሉ እሱ ነው። እዚህ ግን ምን ያደርግልናል? ሁለቱን ሀምዲያ መልሶ ያመጣብናል። ደግሞ የአንዳንዱን ሥራ ጠባይ ይለውጣል፤ ስሙ ያው፣ አሠራሩ ሌላ። ነገ ፕሮግራሙን ሌላ ዓይነት ማሽን ላይ የሚወስድ ሰውም ከተከፈተው ስም ሁሉ የትኛው እንዳስፈለገዎ አያውቅም። የሚፈልጉትን ብቻ ከጠየቁ ግን የጠየቁት መስመር ራሱ ይነግረዋል።»

መምህር ጢማቸውን አሹ። «የሚፈልጉትን ብቻ» አሉ ለራሳቸው። «አስቀድሞ፣ በስሙ፣ የሚፈልጉትን ብቻ... በይ ቁሚ፣ እኔ ልጻፈው።»

ሰልዋ ወንበሩን ለቀቀችላቸው። መምህር በሁለት ጣታቸው እየፈለጉ እንዲህ ብለው ጻፉ፦

#define _XOPEN_SOURCE 700
#define _DEFAULT_SOURCE
#include <stdio.h>

ሌሎቹ ሄደሮች ከዚያ በታች ቀጠሉ። ኮምፓይል አደረጉት። ኮምፓይለሩ የመናገር ፈቃድ ተሰጥቶት ሳለ የሚለው ጠፍቶ ዝም አለ። «ይህኛው ዝምታ ሌላ ነው» አሉ መምህር። ሻዩ ቀዝቅዞ ስለነበር ከፔርሙሱ ጨመሩበትና ብረቱን ነከሩ።

ሳጥኗ ጮኸች! እንዲያ ያለ ጩኸት አልጠበቅሁም ነበርና ዘንቢሌን ጣልኩት፤ ቲማቲሙ ወለሉ ላይ ተበተነ። ከመንገድ ማዶ ያለው ጫት ሻጭ በዝናቡ መሃል ብቅ ብሎ፣ «መምህር፣ ምን ሆናችሁ?» ሲል ጮኸ።

«ደህና ነን! እንዲህ ነው ደህና መሆን!» አሉት።

ቲማቲሙን እየለቀምን ሳለ መምህር መልቀሙን አቋረጡና፣ «ሰልዋ፣ አንድ ልጠይቅሽ» አሉ፤ አነጋገራቸው የተማሪ ነበር። «ፕሮግራሙ ብዙ ፋይል ቢሆንስ? በአንዱ ጽፌ በሌላው ብረሳ?»

«አንዱ ፋይል ያየውን ሌላው አያይም፤ ስለዚህ በሁሉም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። እንዳይረሱ፣ ኮምፓይል በሚያደርጉበት ትእዛዝ ላይ አንዴ ያስገቡት፤ ለሁሉም ፋይል ከሄደር በፊት ይደርሳል። የትኛው ሥራ የትኛውን ቃል እንደሚፈልግ ደግሞ በመመሪያ ገጹ ላይ ከስሙ ሥር ተጽፏል። ከተጠራጠሩ እሱን ይክፈቱ። አዲሶቹ ኮምፓይለሮች ደግሞ የማያውቁትን ሥራ መገመት ትተዋል፤ አልሠራም ብለው ይቆማሉ።»

«ጎበዞች ናቸው» አሉ መምህር። ከዚያም ቲማቲሙን ዘንቢሌ ውስጥ ሲከቱ ፊታቸው ተለወጠ። «ሂርና ላይ ቡሽራ የሚባል ተማሪዬ አለ። መቻራ ላይም አንድ አለ። ሁለቱም የእኔን ፕሮግራም ነው የያዙት። ሁለቱም አዲስ ኮምፒውተር ሊገዙ ነው።» ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። «ቡሽራ! አካም ጅርታ? ስማ፣ ያስተማርኩህ አንድ ነገር ስሕተት ነበር... አዎ፣ የእኔ ስሕተት ነው... ማስጠንቀቂያውን ልቀቀው... ምን? ከትምህርት ቤት ጀምሮ አይተህ አታውቅም? እንግዲያው ተዘጋጅ፣ ብዙ የሚነግርህ አለ!»

ያን ጊዜ ነው ጭንቀቴ የለቀቀኝ። ልጄ መምህሯን ያዋረደች መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከእሷ ያገኙትን ወዲያውኑ ለሌላ ሰው አካፈሉ። በአክብሮት የተነገረ እውነት ሰውን እንደማያዋርድ ያን ቀን አየሁ። ሰልዋ «ተሳስተዋል» የሚለውን ቃል አንዴም አልተናገረችም፤ «እንስማው» ነበር ያለችው።

በማግስቱ ጠዋት በክሪ መኪናውን አስነሥቶ ሲጠብቅ መምህር ይልቃል ኮፍያቸውን አድርገው መጡ። «የጻፍኩትን እኔው ልተክለው» አሉና ከሰልዋ አጠገብ ተቀመጡ። ቦርደዴ ደርሰው ሳጥኗን ለነርሷ ለዓለምሸት አስረከቡ፤ ብረቱንም ፀሐይ ላይ አስቀምጠው አስጮኹላት።

ብዙም ሳይቆይ በቦርደዴ ቀትር ላይ መብራት ጠፋ። ሳጥኗ ባትሪ ስላላት ጮኸች። ዓለምሸት ምሳዋን ጥላ ሮጠች፤ ክትባቱንም ሳይሞቅ ወደ በረዶ ሳጥን አዛወረችው። ለሰልዋ ደውላ ስትነግራት አጠገቧ ነበርኩ።

«ዛሬ የክትባት ቀን ነው» አለች ዓለምሸት በስልኩ። «እናቶቹ ሕፃናቱን አዝለው ከግራሩ ሥር ተቀምጠዋል። አንዷንም አልመለስኩም።»

በሲ ለምትጽፉ ሁሉ ያየሁትን እናገራለሁ። የምትፈልጉትን ከመጀመሪያው ሄደር በፊት ተናገሩ። በስሙና በእትሙ ጥሩት፤ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ አትጥሩ። ኮምፓይለራችሁንም አፉን አትዝጉት። እንዲህ ካደረጋችሁ ፕሮግራማችሁ ማሽን ሲለወጥ አይሞትም፣ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውም ሰው ምን እንደፈለጋችሁ ሳይጠይቃችሁ ያውቃል። እነዚያ ከግራሩ ሥር የተቀመጡት እናቶች ስለ ስትርፒታይም አንዳች አያውቁም፤ ማወቅም የለባቸውም። ማወቅ ያለበት የጻፈው ሰው ነው።